ለቁስለኛ ያልተሰፋ ኮከብ

በአሜሪካ አንዳንድ ቤቶች መስኮት ላይ አንዲት ትንሽ ባንዲራ ተሰቅላ ትታያለች። ዙሪያዋ ቀይ፣ መሐሏ ነጭ ነው፤ በነጩ ላይ ሰማያዊ ኮከብ አለ። የዚህ ቤት ልጅ ወታደር ነው ማለቷ ነው። ሁለት ልጆች ከዘመቱ ሁለት ኮከብ፣ ሦስት ከዘመቱ ሦስት። በ1917 (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባንዲራዋን የነደፋት ሮበርት ኩዊሰር የሚባል የኦሃዮ መኮንን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሁለት ወንዶች ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሰልፈው ነበር። ልጁ የሞተ እንደሆነ በሰማያዊው ላይ አነስ ያለ የወርቅ ኮከብ ይደረብበታል፤ ሰማያዊው በጠርዙ ብቻ ይቀራል። የአባት አሳብ ነውና ያምራል፤ ግን ጎደሎ ነው። ሰማያዊው የሄደውን ያሳያል፣ ወርቁ በዚያው የቀረውን። እግሩን፣ ዓይኑን ወይም እንቅልፉን ጥሎ ለተመለሰው ልጅ የተሰፋ ኮከብ የለም። ለእሱም የብር ኮከብ ይሰፋለት ብለው የተነሱ ቤተሰቦች አሉ፤ የአገሪቱ መከላከያ መሥሪያ ቤት የሚያውቃቸው ግን ዛሬም ሁለቱን ቀለሞች ነው።

የወላጅ ኩራት እውነተኛ ሥራውን የሚጀምረው ኮከብ ባልተሰፋበት በዚህ ቦታ ይመስለኛል። ልጅ ሲሸኝ መኩራት ቀላል ነው፤ ዩኒፎርሙ አዲስ ነው፣ ጎረቤቱ ያጨበጭባል፣ ፎቶግራፉም ግድግዳ ላይ ይወጣል። ልጅ ሲሞትም ኩራቱ ከባድ ሐዘን ቢጋረድበትም አገሩ ሁሉ አብሮ ይሸከመዋል። በሁለቱ መሐል ያለው፣ ማለትም የቆሰለ ልጅ ወደ አልጋ ተመልሶ ከሽንት ቤት እስከ ሳሎን ለመራመድ ስድስት ወር የሚፈጅበት ዘመን፣ ሰልፍም ፉከራም የለውም። በዚያ ዘመን የሚጸና ኩራት ልጁን ያድናል፤ የጀግና ምስል ብቻ የሚፈልግ ኩራት ደግሞ ሊጎዳው ይችላል።

ይህ የአሜሪካኖች ጉድለት ብቻ አይደለም። እኛም ብንሆን ለሚዘምተው ስንቅና ምርቃት፣ ቀረርቶና ሽለላ አለን። ለሞተው ድንኳን እንተክላለን፣ እናለቅሳለን፣ አርባውን እናወጣለን፣ ተዝካሩን እናበላለን። ቆስሎ ለገባው ያለን ግን የመጀመሪያው ሳምንት ጥየቃ ነው፤ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ»፣ «እግዜር ይማርህ»፣ አንድ ሁለት ኪሎ ብርቱካን፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ምን እንደሚባል ቋንቋችን አላዘጋጀልንም። አበበ ቢቂላን እንዴት እንደምናስታውሰው ማየት ይበቃል። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በጫማ ማራቶንን ማሸነፉን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በመጋቢት 1969 ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ሕብለ ሠረሠሩ ሲጎዳ፣ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደና ስምንት ወር ቆየ፤ የእጆቹን አቅም አገኘ፣ እግሮቹን ግን አላገኘም። በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በሚነዳ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጉዳቱ የመኪና አደጋ እንጂ የጦር ሜዳ አልነበረም፤ ማገገሙ ግን ያው ማገገም ነው። ሁለቱን ማራቶኖች የሚያውቅ መቶ ሰው ቢኖር ቀስቱን የሚያውቅ ስንቱ ነው? ቀስት የያዘው አበበ ከባዶ እግሩ አበበ ያነሰ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ እኛ የምናይበት ዓይን ስላልነበረን ነው።

ያ ሆስፒታል ራሱ ለነገሩ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሕብለ ሠረሠሩ የተቆረጠ ወታደር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሞት ነበር፤ የሚገድለው ጥይቱ ሳይሆን ከመኝታ ብዛት የሚመጣው ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንዴቪል የሕብለ ሠረሠር ክፍል ሲከፍት ያመጣው ነገር ተአምር አልነበረም። በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ከጎን ወደ ጎን ይገላበጥ አለ። ቆዳው በየቀኑ ይታይ አለ። ከዚያም አልጋ ላይ እንዳይደርቅ ሥራና ጨዋታ ይሰጠው አለ። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በሐምሌ 29 ቀን 1948 አሥራ ስድስት ጉዳተኞችን ግቢው ውስጥ ቀስት አወዳደረ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የወጣው ከዚያ ነው። አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው የሁለት ሰዓቷን ነገር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች ይቀያየራሉ። ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ በስምንት ሰዓትና በአሥር ሰዓት ሌሊት የሚነሳው ማን ነው? እናት ናት። ኩራት ለወላጅ የሚመጣበት ትክክለኛ መልክ ይህ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ ሰዓት ሞልቶ መነሳት፣ ልጅን ማገላበጥ፣ ተረከዙንና ወገቡን በእጅ ባትሪ ማየት፣ ቀላ ያለ ቦታ ካለ ለሐኪም መንገር።

ወደ አሜሪካ ልመለስ፤ በዘመናችን የወታደር ማገገም በሰፊው የታየበት ቦታ እዚያ ነውና። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከ50 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ቆስለዋል፤ ከ1500 በላይ የሚሆኑት እጃቸውን ወይም እግራቸውን አጥተዋል። ቀድሞ ጦር ሜዳ ላይ ደም ፈሶት ይሞት የነበረው ወታደር በማሰሪያ ደሙ ቆሞ፣ በሄሊኮፕተር ተነስቶ፣ በቀናት ውስጥ ዋሽንግተን ይደርስ ጀመር። የሚደርሰው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ነበር። የድሮው ግቢ ያለበት ጆርጂያ አቬኑ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደው መንገድ ነው፤ በዚያ በኩል ለእንጀራና ለበርበሬ የሚመላለስ ሐበሻ ሁሉ አጥሩን ያውቀዋል። ሆስፒታሉ በ2011 ተዘግቶ ሥራው ወደ ቤተዝዳ ተዛወረ። ከአጥሩ ውስጥ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ሲሄድ፣ ከኋላው ከሌላ ክፍለ ሀገር ሥራዋን ጥላ የመጣች እናቱ የመድኃኒት ከረጢት ይዛ ትከተል ነበር። ፊሸር ሐውስ የሚባሉት የበጎ አድራጎት ማረፊያዎች፣ የመጀመሪያው ቤተዝዳ ውስጥ የተከፈተ፣ እንደዚህ ያሉ ቤተሰቦች ያለ ክፍያ እንዲያድሩ የተሠሩ ናቸው።

እዚያ ካገገሙት ሁሉ ስሟ የገነነው ታሚ ዳክዎርዝ ናት። አባቷ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበሩ፤ የወላጅና የልጅ የውትድርና ኩራት በዚያ ቤት የቆየ ነገር ነው። በኅዳር 12 ቀን 2004 ኢራቅ ውስጥ የምታበረው ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር በአርፒጂ ተመታ። ጥይቱ የፈነዳው ከእግሯ ሥር ነው። ሄሊኮፕተሩን ለማሳረፍ ፔዳሉን ለመርገጥ ትታገል ነበር፤ እግሮቿ እንደሌሉ አላወቀችም። ሁለቱንም አጣች፣ ቀኝ እጇም ክፉኛ ተጎዳ። ዋልተር ሪድ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ አገገመች፤ አባቷም በዚያው ጊዜ በ2005 አረፉ። በ2016 ሴናተር ሆና ተመረጠች። ይህን ታሪክ የምጠቅሰው ለአንድ ነገር ነው፤ ዳክዎርዝ በየዓመቱ ኅዳር 12ን «የተረፍኩበት ቀን» ብላ ታከብራለች። ብዙ የአሜሪካ ቁስለኞችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የቆሰሉበትን ቀን እንደ ልደት ኬክ ቆርሰው፣ ያወጧቸውን ጓደኞች ጠርተው ያሳልፉታል። ባንዲራው ያልሰፋውን ኮከብ ሰዎቹ ራሳቸው ቀን መቁጠሪያ ላይ ሰፉት ማለት ነው።

ግን እኛ ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ታሪክ ስናገኝ እንሮጣለን፤ አንባቢም ይወደዋል፤ ጉዳቱ ብዙ ነው። ሴናተር የሚሆን ቁስለኛ ከሺህ አንድ አይገኝም። የአብዛኛው ማገገም እንዲህ ነው፤ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ እግር እብጠቱ እስኪጎድል በላስቲክ ማሰሪያ እየተጠቀለለ ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል፣ ልኩ በጄሶ ይወሰዳል፣ ሰው ሠራሹ እግር ይሠራል፣ ልጁ በግራና በቀኝ የተዘረጉ ብረቶችን ይዞ ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን ምናልባት አሥር እርምጃ ይራመዳል። የቀረው ሥጋ ሲሳሳ እግሩ ይላላና እንደገና ይለካል። ቆዳው ይላጣል፣ አንድ ሳምንት ያርፋል፣ ከዜሮ ይጀምራል። እንዲህ ባለው እግር መራመድ ከጤነኛ ሰው እጅግ የበለጠ ጉልበት ይጨርሳልና ልጁ ምሳ ሰዓት ላይ ቢያንቀላፋ ስንፍና አይደለም። ወላጅ ይህን ካላወቀ በቴሌቪዥን ያየውን ሯጭ እያሰበ «ያንተስ መቼ ነው?» ይላል። ካወቀ ግን አሥሩ እርምጃ አሥራ አራት ሲሆን ያያል፣ አይቶም ይናገራል። ደግሞ የሚከብደውን ያደርጋል፤ ልጁ ሲወድቅ ዘሎ አያነሳም። ፊዚዮቴራፒስቶች መውደቅንና ከወለል መነሳትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ያስለምዳሉ፤ እናት በሮጠች ቁጥር ያ ትምህርት ይቋረጣል። እጅን አጣምሮ ልጅ ከወለል ሲነሳ ማየት ከሽኝቱ ቀን እልልታ ይልቅ ኩራትን የሚፈትን ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ኩራት ሸክም ነው፤ «የጀግና አባት» የተባለ ሰው ልጁ ሌሊት እየጮኸ ሲነቃ መስማት አይፈልግም፣ ልጁም ኩራቱን ላለማፍረስ ሕመሙን ይደብቃል የሚል። እውነት አለው። የጦርነት የአእምሮ ቁስል በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አግኝቶ የገባው በ1980 ነው፤ ለዚያውም የቬትናም ተመላሾችና ጥቂት ሐኪሞች ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም ፍርሃት ወይም ድክመት ነበር፤ ይህን ስም ያጸናው ደግሞ ጠላት አይደለም፣ የሚኮራው ቤተሰብ ጭምር ነው። የአካል ሕመም እንኳ በዚህ ይደበቃል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው እግሩ ያመዋል፤ ጣቶቹ የተጨማደዱ፣ የሚቃጠሉ ይመስለዋል። «የሌለ እግር ምኑ ያማል?» የሚል አባት ያለው ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፣ ሕክምናም አለው። በ2007 ከዋልተር ሪድ የወጣ አንድ ጥናት በሁለቱ ጭኖች መሐል መስተዋት አቁሞ ደህናውን እግር እያንቀሳቀሱ ምስሉን እንደ ጠፋው እግር መመልከትን ሞከረ፤ በጥናቱ እስከ መጨረሻው ከቆዩት 18 ሰዎች መስተዋቱን የተጠቀሙት ስድስት ነበሩ፣ የስድስቱም ሕመም በአራት ሳምንት ውስጥ ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ከስድስት ሰው ሕግ አይወጣም። ግን መስተዋት በየቤቱ አለ፤ የሚጎድለው ልጁ «ያመኛል» ሲል የሚያምነው ሰው ነው። ስለዚህ ተቃውሞው የሚያፈርሰው አንዱን ዓይነት ኩራት ነው፤ ልጁን የማያውቀውን፣ ምስሉን ብቻ የሚያውቀውን። ሕመምን ለሐኪም መናገርን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር ወላጅ ያለው ልጅ የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ነው። ጦርነቱ ትክክል ካልነበረስ? በማይገባ ጦርነት በቆሰለ ልጅ መኩራት ጦርነቱን ማጽደቅ፣ የጎረቤትንም ልጅ ወደ እሳቱ መጥራት አይሆንም ወይ? የኢራቅ ጦርነት የተከፈተበት የጅምላ መሣሪያ ነገር ውሸት ሆኖ ተገኝቷል፤ በኛም አገር ያለፉት ጦርነቶች ላይ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንድ ሐሳብ የለም። መልሴ ኩራት የሚያርፍበትን ቦታ መለየት ነው። ጦርነቱን የወሰነው ሌላ ነው፤ ልጁ የሄደው ቃሉን ይዞ ነው፣ አሁን ደግሞ መራመድ እየተማረ ነው። በቬትናም ጊዜ አሜሪካኖች ይህን ሳይለዩ ቀርተው በፖለቲከኞች ላይ የነበራቸውን ቁጣ በሃያ ዓመት ልጆች ላይ አወጡት፤ ብዙዎች ዛሬ የሚጸጸቱበት ነገር ነው። ሌላ ልጅ ይጠራል ለሚለው ደግሞ፣ ወደ ጦርነት የሚጠራው የሽኝቱ ቀን ከበሮ ነው። ማገገምን በቅርብ የሚያይ መንደር የጦርነትን ዋጋ በላስቲክ ማሰሪያና በሌሊት ሰዓት ቆጥሮ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ መንደር በቀላሉ አይፎክርም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ መንግሥታት የወላጅን ኩራት እንደ ነጻ ጉልበት መጠቀማቸው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2014 ባወጣው ግምት አሜሪካ ውስጥ 5.5 ሚሊዮን ሰዎች የቆሰለ ወይም የታመመ የቀድሞ ወይም የአሁን ወታደር ያስታምሙ ነበር፤ ከ2001 ወዲህ ያገለገሉትን ከሚያስታምሙት ሩቡ ያህሉ ወላጆች ነበሩ። ለነዚህ ሰዎች ጭብጨባ ቀድሞ መጣ፣ ገንዘቡ ዘገየ። በየካቲት 2007 ዋሽንግተን ፖስት በዋልተር ሪድ አንድ የቁስለኞች ማደሪያ ሕንፃ ግድግዳው ሻጋታ፣ ወለሉ የአይጥ መጫወቻ መሆኑን ጽፎ የምድር ጦሩ ሚኒስትር እስከ መልቀቅ ደረሱ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቁስለኞችና ቤተሰቦቻቸው፣ ወላጅ በልጁ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ ሥራውንና ቤቱን እያጣ መሆኑን ጮኸው ስለተናገሩ፣ ከታኅሣሥ 2005 ጀምሮ ከባድ ጉዳት ለደረሰበት ወታደር እስከ 100 ሺህ ዶላር የሚከፍል መድን ተጀመረ። በግንቦት 2010 ደግሞ ከመስከረም 2001 ወዲህ ለቆሰሉት አስታማሚዎች ወርሃዊ አበል፣ ሥልጠና፣ የጤና ሽፋንና ቢያንስ በዓመት የ30 ቀን እረፍት የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ የቬትናም ዘመን አስታማሚዎች እስኪገቡበት ሌላ አሥር ዓመት ፈጀ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ለእናት እረፍት ያስፈልጋታል ብሎ ቀን ቆጥሮ ጻፈ። ሲኮራ የኖረ አባት ገንዘብ ሲጠይቅ ኩራቱን የሸጠ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ ያን ሌሊት የሚነሳው እሱ ባይሆን መንግሥት ነርስ ይቀጥር ነበር።

የማያገግሙም አሉ። ጭንቅላቱ ተጎድቶ የእናቱን ስም ያልመለሰ ልጅ አለ፤ ለእሱ ቤት የማገገም ወሬ ቢላዋ ነው። ማገገም ማለት እንደ ድሮ መሆን ከሆነ ክርክሬ እዚህ ይወድቃል። ግን ጉትማንም፣ የዋልተር ሪድ ሐኪሞችም እንደዚያ አልለኩትም፤ ቆዳው ሳይቆስል ያለፈ ወር፣ በማንኪያ ራሱን ያጎረሰበት ቀን፣ ባለበት የቆየበት ዓመት እንኳ ይቆጠራል።

ይህ ጉዳይ ከኛ ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ጦር ኃይሏ ለሚፈልጋቸው ቋንቋዎች ተናጋሪ ስደተኞች በ2000ዎቹ መጨረሻ በከፈተችው የምልመላ በር አማርኛ ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በዚያ በር የገቡ ልጆች ወላጆች ዛሬ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አሉ። በእስራኤል ያሉት የቤተ እስራኤል ወላጆች ልጆቻቸውን ለግዴታ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ አንድ ልጅ ብቻ ያለው ቤት ልጁ ወደ ተዋጊ ክፍል እንዲገባ ወላጅ መፈረም አለበት። አገር ቤት ደግሞ በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር፣ ደህናውም ቁስለኛውም፣ ወደ እናት አባቱ ጎጆ ገባ፤ ከ2020 እስከ 2022 ከነበረው ጦርነት በኋላም እንዲሁ። ክራንቹን በር ላይ አስደግፎ የሚቀመጠውን ልጅ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እንግዲህ በሠፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤት ካለ፣ ሦስተኛው ወር ላይ ሂዱ፤ ብርቱካኑ ይቅር። ልጁን ስለ ጦርነቱ ሳይሆን በዚህ ሳምንት ስንት እርምጃ እንደሄደ ጠይቁት። እናቱን ስንት ሰዓት እንደተኛች ጠይቋት፤ ከቻላችሁም የልጁን አገላበጥ ከእሷ ተምራችሁ አንድ ሌሊት ተረኛ ሁኑላት።